ፍርድን ስለ መማር

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ በሌላው ሰው ላይ የመፍረድን ያኽል ሳይማር የሚደፍረው ሥራ የለም። ልብስ ለመስፋት ከልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጦ መልመድ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ ጥርስ ለመንቀልም ጒጠት መያዝ ብቻ እንደማይበቃ የሚስተው የለም። ነገር ግን «ይህን ያደረገው እገሌ ነው» ለማለት አስቀድሜ ልማር ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በገበያ፥ በጠላ ቤት፥ በደጀ ሰላም ሁላችንም ዳኞች ነን፤ ያውም ይግባኝ የማይባልብን ዳኞች።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው መስከረም አንዲት ወጣት ከሞጣ ተነሥታ ቢቸና ድረስ እኔን ለመጠየቅ መምጣቷ ነው። ልጅቱ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን በደረሰው ጦርነት ምክንያት ትምህርቷ ተቋርጦባት የነበረ ሲሆን፥ በብዙ ድካም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ከዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የመጀመሪያውን የጋራ ትምህርት ስለ ፈጸመች የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሶባት ነበር። እርስዋ የወደደችው ሕግን ነው፤ ከሕግም ወንጀልን የሚመለከተውን ወገን። አያትዋ ግን «ሕግ የተማረ ሰው አፉን እንጂ ልቡን አያሠለጥንም» ብለው ተቈጡ፤ አጎትዋም «ሴት ልጅ ከነፍሰ ገዳይና ከሌባ ጋር ምን አላት? ሐኪም ሁኚ» አላት። እናትዋ አልቅሳ ዝም አለች። አባትዋ ብቻ፥ «ወደ መምህር ሂጂ፤ ስለ ፍርድ ከእሱ የበለጠ የሚነግርሽ ሰው የለም» ብሎ ላካት። የማን ልጅ እንደ ሆነች ወደ ኋላ እናገራለሁ።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስሁት በጠመኔ ነው። ይሁን እንጂ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማነበው ብዙ ስለ ሆነ፥ ሕጉንም ገዝቼ ስላነበብሁት፥ ለልጅቱ የነገርኋትን ለእናንተም ለወጣቶች ልጽፈው ወደድሁ።

አስቀድሜ የነገርኋት አባቶቻችን ጥፋተኛን እንዴት ይፈልጉ እንደ ነበረ ነው። በመንደር ውስጥ በሬ ቢሰረቅ ወይም ቤት ቢቃጠል የአገሩ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳ ይጠራና አውጫጭኝ ይደረጋል፤ በሌላው አገር አፈርሳታ ይሉታል። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣም ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እህሉ ቢረግፍ፥ ከብቱ ቢጠማ፥ ሕፃኑ ቢያለቅስ ከሜዳው መነሣት የለም። ሽማግሌዎቹ እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተው ሲጠይቁት፥ የሚያውቀውን በግልጥ ለመናገር የሚፈራ ሰው «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ይጠቁማል። የወፏን ስም የሚጠይቅ የለም። በዚህ መንገድ ብዙ እውነተኛ ሌባ ተይዞአል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፥ የማን ጢስ በሌሊት እንደ ጤሰ ከጎረቤት የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ግን ደግሞ ሰው ሲደክመው፥ ሲርበውና ፀሐይ ስትጠልቅበት፥ ወደ ቤቱ የሚያስገባውን ስም ሁሉ ይናገራል። ወፍም የምታርፈው አጥሩ ዝቅ ያለውን ቤት መርጣ ነው።

ከዚህ የባሰው ሌባሻይ የሚባለው ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት አጠጥተው በወገቡ መጫኛ አሥረው ይለቁታል፤ ልጁም እየተንገዳገደ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። በዚያ ዘመን ግን የሚስቅ አልነበረም፤ የሚስቅ ቢኖር ልጁ የወደቀው ከሌላ ሰው ደጅ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ስለ ሙግት ከሆነ ደግሞ አባቶቻችን የሚወዱት ነገር ነበር። አያቴ ስለ በላ ልበልሃ ሲያጫውቱኝ ከተቀመጡበት ይነሡ ነበር። ከሳሹ ኩታውን አጣፍቶ፥ ዘንጉን ይዞ፥ አንድ እግሩን ወደ ፊት አድርጎ በግጥምና በምሳሌ ይጠይቃል፤ ተከሳሹም እንደዚሁ ይመልሳል፤ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ አገሩም ዳር ቆሞ ይሰማል። በመንገድ ላይ ባላጋራውን ያገኘ ሰው ኩታውን ከኩታው ቋጥሮ «በንጉሥ አምላክ» ካለው፥ ተከሳሹ ፈትቶ መሄድ ነውር ነው፤ አላፊ አግዳሚውም ቁሞ ይዳኛቸዋል። ጉዳዩ የከበደ እንደ ሆነ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኛሉ፤ ቁራኛ ማለት ይህ ነው። ከሳሽ ከሰሰኝ ብሎ የሚጠላውን ሰው ጐን ለጐን ታስሮ ይበላል፥ ይተኛል። እኔ ይህን ሳስብ፥ የሰው ልጅ በውሸት ለመክሰስ የሚፈራው ከዚህ የበለጠ ምን ይኖራል? እላለሁ። ነገር ግን አንደበቱ የተሳሰረ፥ ምሳሌ የማያውቅ ድኻ በዚያ ሸንጎ ላይ ምን ይሆን እንደ ነበር አያቴን ጠይቄያቸው፥ «እሱማ ይረታል!» ብለው ሳቁ። መርታትና መረታት በአያቴ ዘንድ እንደ ገና ጨዋታ ነበር።

ሕዝቡ ግን ፍርድን ጨዋታ አድርጎ አያየውም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ፍርድን ከሀብት በላይ የሚያከብር ነው። በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በቢቸና ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሡ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ትልልቆቹ ማታ በእሳት ዳር የሚሉት ትዝ ይለኛል። የሚያስመርራቸው የብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠይቁን ገምተው ጻፉብን የሚለው ነገር ነበር። ስለ በላይ ዘለቀም ሲነሣ እንዲሁ ነው። ይህ ጠላትን በዚህ አገር አምስት ዓመት የታገለ አርበኛ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ከተቀጣ ዘመን አልፎአል፤ የቢቸና ሰው ግን ፍርዱን ዛሬም እንደ ትናንት አንሥቶ ይሟገትበታል። ሕግ ለመማር የሚሄድ ልጅ ከእንዲህ ያለ አገር መውጣቱን ማወቅ አለበት።

ወደ ተጻፈው ሕግ ልምጣ። ፍትሐ ነገሥት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያገለግል ኖሮ፥ በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከዚያ ዣን ግራቨን የሚባል የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተተካና ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግም በ1954 ዓ.ም. ታወጀ። ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ሕጉን የሚያስተምር ፋኩልቲ በአገራችን የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የመጀመሪያው ዲኑ ጄምስ ፖል የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ያን ጊዜ ከጎጃም ሕግ ለመማር የሚፈልግ ልጅ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ነበረበት። አሁን በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ይማሩታል፤ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ በመጨረሻም የመውጫ ፈተና አለበት። ፖሊስነትን የሚሻ ደግሞ ወደ ሰንዳፋ ይሄዳል።

ልጅቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምታ፥ «መምህር፥ ይህንማ በመጽሐፍም አገኘዋለሁ። የሚማሩት ነገር ግን ምንድን ነው? ወንጀለኛን ማወቅ የሚቻልበት ጥበብ አለ ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድሁት።

የሚማሩት ነገር፥ እኔ እንደ ገባኝ፥ በብዛት ራስን መግታት ነው። አንድ ሰው ከተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ከፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ይህ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ተጽፎአል። ተከሶ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቈጠርም፤ ይህም በአንቀጽ 20 አለ። ፖሊስ ሲጠይቀው አልመልስም የማለት መብት እንዳለው፥ የሚናገረውም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ይህ በሥነ ሥርዐቱ ሕግ አንቀጽ 27 የቈየ ነው፤ በዚያ ሕግ ዕድሜ እኔም አድጌያለሁ፥ ግን ከስድሳ ዓመቴ በፊት አላነበብሁትም። እነዚህን ሕጎች ስታነቡ አንድ ነገር ታያላችሁ። የተጻፉት ሌባውን ለመያዝ ሳይሆን ያዡን ለመያዝ ይመስላሉ። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል። «ሌባ እያየነው በመብት ይለቀቃል» ይላል። እኔም እንደዚህ የምል ነበርሁ።

ጥበቡ የውጭ አገር ብቻ አይደለም። የሶስናን ታሪክ አስቡ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ንጹሕ ሴት ላይ መስክረው ሕዝቡ ሊወግራት ሲወስዳት፥ ወጣቱ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ፥ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ለየብቻ ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላው ሌላ ዛፍ ተናገሩ። ምስክርን ለያይቶ መጠየቅ ዛሬ በየፖሊስ ጣቢያው የሚሠራበት ነገር ነው። እኔ ይህን ታሪክ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት በሰጡን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልነበረምና፤ የነገሩኝ የቢቸና አንድ መሪጌታ ናቸው። ሚስዮኖቹ ብዙ መልካም ነገር አስተምረውኛል፤ ይህን አንድ ግን ከጎረቤቴ ተማርሁት። በኢጣሊያም ቼዛሬ ቤካሪያ የሚባል የሚላኖ ሰው በ1764 እ.ኤ.አ. ስለ ወንጀልና ቅጣት በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ፥ ሰውን አሠቃይቶ ማናዘዝ ጠንካራውን ወንጀለኛ ነጻ፥ ደካማውን ንጹሕ ሰው ጥፋተኛ እንደሚያደርግ አስረዳ።

በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ቀን ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚሉት የሁለት ዓመት ኮሌጅ የወንጀል ፍትሕ የሚባለውን ትምህርት ይማራል። በስልክ ሲያጫውተኝ የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ነገረኝ። መምህሩ እየተናገረ ሳለ አንድ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ ከጠረጴዛው ላይ ቦርሳ አንሥቶ ሮጠ። ተማሪዎቹ ደነገጡ። መምህሩ ግን ፈገግ ብሎ፥ «ወረቀት አውጡ፤ ያያችሁትን ጻፉ» አላቸው። አንዱ ሰማያዊ ሹራብ ጻፈ፥ አንዱ ጥቁር ኮት፤ አንዱ ረጅም፥ አንዱ አጭር፤ አንዳንዱም ጢም አበቀለለት። ተማሪዬ እየሳቀ፥ «መምህር፥ እኔ በቀኝ እጁ ቢላዋ ይዞ ነበር ብዬ ጻፍሁ፤ የያዘው እስክሪብቶ ነበር» አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። «ምነው ዝም አሉ?» ሲለኝ መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ደም ልናገር፤ በእኛ አገር ወንጀል ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነውና። ቀድሞ የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ይባል በነበረው አገር ሰው በድንበርና በውኃ፥ አንዳንዴም በአንድ ክፉ ቃል ይገዳደላል። የገደለው ወደ ቈላ ወርዶ ይሸፍታል፤ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ከቤጌምድር ይገባል። የሟች ወንድም ይጠብቃል። ወንድም ባይኖር ልጁ እስኪያድግ ይጠበቃል፤ እናቱም የአባቱን ጥይት ከሣጥን ውስጥ ጠቅልላ ታኖርለታለች። ተጋብተው የተዋለዱ ዘመዶች ሲገዳደሉማ፥ «የሞተው ወንድምሽ የገደለው ባልሽ፥ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽም አልወጣ» የሚባለው ይደርሳል። አንድ የማውቀው ሰው ገድሎ፥ ተይዞ፥ ተፈርዶበት አሥራ አራት ዓመት በደብረ ማርቆስ ወኅኒ ታሰረ። ተፈትቶ ሲመጣ መንግሥት ከእሱ ጋር ያለውን ሒሳብ ጨርሶአል፤ የሟች ልጅ ግን ገና አልጀመረም ነበር። ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው፥ ወራት ተመላልሰው፥ ካሣ ተከፍሎ፥ ሁለቱ ወገኖች በመስቀል ምለው ደሙ ደረቀ። ደም ማድረቅ የሚሉት ይህንን ነው።

እንግዲህ ከከተማ የሚመጡ አንዳንድ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ይህን ሽምግልና ሲንቁት አይቼ አዝናለሁ። ሌሎች ደግሞ «ሽማግሌ ካስታረቀ መንግሥት ምን አገባው?» ይላሉ። በዚህም አልስማማም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት የተወው የግልና የቤተ ሰብን ጉዳይ ነው፤ ነፍስ የጠፋበትን ነገር አይደለም። የሞተው ሰው የዘመዶቹ ብቻ አልነበረምና። ወኅኒው ያላደረቀውን ደም ሽማግሌው ያደርቀዋል፤ ሽማግሌው ሊመረምረው የማይችለውን፥ ማለት በእርግጥ የገደለው ማን እንደ ሆነ፥ ችሎቱ ይመረምረዋል። ለልጅቱም፥ «ትምህርትሽን ስትጨርሺ ሁለቱንም ሳትንቂ ተመለሺ» አልኋት።

እዚህ ላይ ስደርስ ማምለጫ አጣሁ። የልጅቱ አባት ማን እንደ ሆነ ልናገር።

በ1979 ዓ.ም. በሞጣ የማስተምር ወጣት ነበርሁ። በክፍሌ 43 ተማሪዎች ነበሩ። ለስፖርት ልብስ እያንዳንዳቸው አንድ ብር ከሃምሳ እንዲያዋጡ ተደርጎ 42ቱ ከፈሉ፤ 63 ብር። ያልከፈለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ከገጠር መጥቶ፥ በዘመድ ቤት ተጠግቶ፥ ስንቁን በየሁለት ሳምንቱ ከእናቱ እየተቀበለ የሚማር። ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ይዤ መጣሁ። ከዕረፍት በኋላ ፖስታው በመሳቢያዬ ውስጥ አልነበረም።

በሩን ዘጋሁ። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም አይወጣም አልሁ። ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ በዚያ ክፍል ውስጥ ዘጋኋቸው። አውጫጭኝ ማድረጌን ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ እንዲያውም ዘመናዊ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ከኋላ አንዱ፥ «በዕረፍት ጊዜ እሱ ከክፍል አልወጣም» አለ። ከዚያ በኋላ ወፎቹ በዙ። አንዱ መሳቢያውን ሲያይ አይቼዋለሁ አለ፤ አንዱ ትናንት ዳቦ ሲገዛ አይቼዋለሁ አለ፤ አንዱ ድሮም እርሳሴን ሰርቆኛል አለ። እኔም በልቤ ያልከፈለው እሱ ብቻ መሆኑን ጨመርሁበት። ገንዘብ የሌለው መሆኑ ገንዘብ የወሰደ ለመሆኑ ማስረጃ ሆነኝ።

ልጁን አስነሥቼ፥ «ገንዘቡን የት አደረግኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ደግሜ፥ «የት አደረግኸው?» አልሁት። አላበው፤ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ላቡና ዝምታው በቃኝ። በክፍሉ ፊት በአለንጋ ገረፍሁት፤ አባትህን ይዘህ ካልመጣህ እንዳትመለስ ብዬም አስወጣሁት። አልተመለሰም።

በሰኔ፥ ውጤት ሞልቼ ስጨርስ፥ ሮስተሩን የሸፈንሁበት ጋዜጣ ተቀዶ ስለ ነበር ልቀይረው ገለጥሁት። ፖስታው በሽፋኑና በጋዜጣው መካከል ነበር። ያስቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። የዚያን ዕለት ጧት፥ መሳቢያው ቍልፍ ስለሌለው ብዬ፥ በጥንቃቄ ያስቀመጥሁበት ቦታ ነው።

በማግስቱ ከሞጣ ሦስት ሰዓት በእግር ተጕዤ ወደ ልጁ አባት ቤት ሄድሁ። ሰውዬው ከመደብ ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ጠላ ቀዱልኝ። ልጁን ስጠይቃቸው፥ «በሚያዝያ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ ከትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ አይነኩትም ነበር ይላሉ፤ እንጃ» አሉኝ። ነገሩን ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «እኔም የት አደረግኸው ብዬ መታሁት። ወሰድህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ መምህሩ ካሉ ብዬ» አሉኝ። ከክፍል ያልወጣበትን ምክንያት ያወቅሁት ያን ጊዜ ከእናቱ ነው። ቁምጣው ከኋላ ተቀዶ ስለ ነበር ከልጆች ፊት መውጣት ዐፍሮ ነው።

ልጁ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከሰሜን በእግሩ መጣ። ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም። አሁን በሞጣ ወፍጮ አለው። ከመጣ በኋላ በገበያ ቀን አገኘሁት፤ ጐንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ መምህር አለኝ። ስለ ፖስታው ልነግረው ስጀምር፥ «አውቃለሁ፤ አባቴ ነግሮኛል» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ከዚያ በኋላ አንሥተነው አናውቅም።

ለተማሪዎቹ ግን አልነገርኋቸውም። ፖስታውን ባገኘሁ ጊዜ ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ መናገር ይቻል ነበር። ክብሬን ፈራሁ። እነዚያ 42 ልጆች አድገው፥ ወልደው፥ ከእነርሱ አንዳንዱ ለልጆቹ የሌባውን ታሪክ አጫውቶ ይሆናል። እኔም ወደ 39 ዓመት ገደማ ዝም ብያለሁ። ዝምታ ጥፋተኛነትን ያሳያል ብዬ የቀጣሁ እኔ ነኝ።

ለልጅቱ ይህን ስነግራት ፊቷን ማየት አልቻልሁም። አባትዋ አልነገራትም ነበር። «ስለ ፍርድ ከመምህር የበለጠ የሚነግርሽ የለም» ብሎ የላካት በመልካም ይሁን በሌላ ልብ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም ድፍረት የለኝም። ባለቤቴ ቡናውን አቅርባ ወጣች። ልጅቱ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች።

«በዕረፍት ጊዜ እሱ ብቻ ከክፍል መቅረቱን ያየው ማን ነው?»

የተናገረው ልጅ እንደ ነበር፥ እሱ ራሱ ግን ውጭ ከነበረ እንዴት እንዳየ እንዳልጠየቅሁት ነገርኋት። ጻፈች።

«መሳቢያው ቍልፍ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እርስዎ አባቴን መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ ምን ነበር? ቃሉን እንዳለ ይንገሩኝ።»

እንዳለ ነገርኋት። ቃል በቃል ጻፈችው፤ ከሥሩም አሰመረችበት። ቡናዋ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ደብተሯን አዲስ ገጽ ገልጣ፥ ከላይ እስከ ታች ቍጥር ጻፈች፤ 42 ላይ አቆመች።

«መምህር፥ እነዚያ ተማሪዎች ዛሬ የት የት ናቸው?»

አንዱ ባሕር ዳር የመድኃኒት መደብር አለው አልኋት። ሁለቱ እዚሁ ቢቸና ናቸው። አንዱ ሞቶአል፤ አንዲቱ በደብረ ወርቅ መምህርት ናት። የእርሳሱን ነገር የተናገረው አዲስ አበባ ነው፤ ስልኩ አለኝ። እስኪመሽ ድረስ የማስታውሰውን ያኽል ስማቸውን እየጠራሁ አጻፍኋት።